አዲሱ የትምህርት ዘመንና የባሕር ማዶ ተማሪ

(በበርሊን በተደረገው የትምህርት ዘመን መክፈቻ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ አዲሱ የትምህርት ዘመን ጥቂት ቃል እንድናገር ስላዘዘኝ አመሰግናለሁ። እንዲህ ባለው ቀን የሚደረገው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ «በርቱ፣ ጠንክሩ፣ አገራችሁ በተስፋ ትጠብቃችኋለች» የሚል ነው። ምክሩ መልካም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ እዚህ ድረስ የመጣ ተማሪ መበርታት እንደሚገባው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሳይነገር የሚቀረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ተማሪው የሚወድቀው በስንፍና ሳይሆን በዝምታ የሆነ እንደ ሆነ ምን ማድረግ ይገባናል የሚለው ጥያቄ ነው። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ላይ ይሆናል።

በአገራችን ትምህርት ቤት የሚከፈተው ክረምት ሲወጣ ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ አደይ አበባ ይፈነዳል፤ ዕንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። ተማሪው አዲስ ደብተር ይዞ ሲወጣ ዘመኑም አብሮት አዲስ ይሆናል። በጀርመን አገር ግን ዋናው ሴሜስተር በሕግ የሚጀምረው በኦክቶበር 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ቀን ገደማ ሲሆን፣ ስሙም «የክረምት ሴሜስተር» ነው። ደመራው ከበራ ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሉ መርገፍ ይጀምራል። በዲሴምበር ወር ማለቂያ በዚህ ከተማ ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከጧቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ትወጣና ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። እንግዲህ አዲስ መጪው ዓመቱን የሚጀምረው ብርሃን በሚያንስበት ወራት ነው። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ልቡ የሚከብደው ሰው ችግሩ የእርሱ ብቻ እንዳይመስለው ብዬ ነው።

የትምህርቱም ሥርዓት ከለመድነው ጋራ የተገለባበጠ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች 4 ነጥብ ያመጣ ተማሪ የማዕረግ ተመራቂ ነው፤ እዚህ 4 ያገኘ ተማሪ ለጥቂት አለፈ ይባላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው 1፣ መውደቂያው 5 ነው። ትምህርቱ አራት ሰዓት ላይ ነው ተብሎ ሲጻፍ፣ በብዙ ቦታ መምህሩ የሚጀምረው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪው በማጨብጨብ ፈንታ ጠረጴዛውን በእጁ ይደበድባል፤ አዲስ መጪ ይህን ሲሰማ ጠብ የተነሣ ሊመስለው ይችላል። እነዚህ ቀላል ነገሮች ናቸው፤ በሁለት ሳምንት ይለመዳሉ፤ በኋላም ያስቁናል።

የማያስቀው ልዩነት ስለ ጥያቄ ያለው ነው። እኛ ያደግነው መምህርን በማክበር ነው፤ ይህም የምንኰራበት ልማድ ነው። ተማሪ በመምህሩ ፊት ብዙ አይናገርም፤ ያልገባውንም ቢሆን ወደ ቤቱ ወስዶ ሊፈታው ይሞክራል። እዚህ ግን ፕሮፌሰሩ ተማሪዎችን የሚያነጋግርበትን ሰዓት በበሩ ላይ ወይም በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ያስታውቃል። በዚያ ሰዓት ያልመጣውን ተማሪ ጨዋ ነው ብሎ አያስብለትም፤ ትምህርቱ ገብቶታል ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ እኛ በአክብሮት ዝም ስንል መምህሩ ዝምታችንን የሚተረጕመው በሌላ ቋንቋ ነው። በሁለቱ መካከል የሚጐዳው ተማሪው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ይሉኝታ ይጨመራል። ይሉኝታ በአገር ቤት ሰውን ከነውር የሚጠብቅ ትልቅ አጥር ነው። ተማሪው ግን አጥሩን ይዞ ወደ ባሕር ማዶ ሲመጣ አንዳንድ ጊዜ ራሱን በውስጡ ይዘጋበታል። ፈተና የወደቀ እንደ ሆነ ለጓደኞቹ አይነግርም፤ «ምን ይሉኛል» ይላልና። ለቤተ ሰቡማ ከቶ አይነግርም። እናቱ በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» ይላል። ከስብሰባችንም ቀስ በቀስ ይቀራል። ባለፉት ዓመታት እንዲህ ከመካከላችን የራቀ፣ ትምህርቱንም መተዉን በመጨረሻ ከሌላ ሰው አፍ የሰማንለት ወንድም መኖሩን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስሙን አላነሣም። የማነሣው ከመካከላችን አንድ ሰው ለመራቅ ወራት ሲፈጅ ማኅበራችን አንድ ጊዜ እንኳ በሩን አለማንኳኳቱን ነው።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሕጉን ልጥቀስ። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ግዴታ የሆነውን ፈተና የወደቀ ተማሪ እንደገና የሚፈተንበት ዕድል የተቈጠረ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጠቅላላው ከሦስት አይበልጥም። ለፈተና ተመዝግቦ ያለ ሐኪም ወረቀት የቀረ ተማሪም ብዙውን ጊዜ እንደ ወደቀ ይቈጠራል። የመጨረሻውን ዕድል የጨረሰ ተማሪ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ መሰናበት ብቻ አይደለም፤ በዚያው የትምህርት ዓይነት በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠል በአብዛኛው አይፈቀድለትም። የመኖሪያ ፈቃዱም የተሰጠው ለትምህርት ስለ ሆነ አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ውድቀት ጊዜ መናገርና በሦስተኛው ጊዜ መናገር ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ዝምታውን የሚያጠብቀው ደግሞ ገንዘብ ነው። በራሱ ወጪ የሚማር ተማሪ «ብሎክድ አካውንት» በምንለው ሂሳብ ማስገባት የሚገባው ገንዘብ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ተደርጓል። በዚያው ዓመት በጁላይ መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ማለት ገቢው በብር የሆነ ቤተ ሰብ ለልጁ የሚከፍለው ወጪ፣ ልጁ አንዲት ዳቦ እንኳ ሳይጨምር፣ በእጥፍ ገደማ አደገ ማለት ነው። ልጁ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሥራ ይገባል። ከማርች 2024 ወዲህ ሕጉ ከአውሮጳ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ሥራ ክብር እንጂ ነውር አይደለም። ሌሊቱን በዕቃ መጋዘን ሲያድር የሰነበተ ተማሪ ግን ጧት በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ ፈተናውን ይወድቃል፤ ቤተ ሰቡ ስለ እርሱ የከፈለውን ያስብና ውድቀቱን ይደብቃል። ገንዘቡ ዝምታን፣ ዝምታውም ሌላ ውድቀትን ይወልዳል።

በዚህ ስፍራ ላይ አንድ ጥንታዊ ታሪክ ላንሣ። ከእኛ አስቀድሞ ወደዚህ አገር ለዕውቀት ከመጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በ1649 በሮም ከተማ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋራ ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ መጥተው በቤተ መንግሥቱ ከሉዶልፍ ጋራ ተቀመጡ። ሉዶልፍ ግዕዝን ያወቀው ከመጽሐፍ ነበር። ስለ ቋንቋው፣ ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ ያላወቀውን ሁሉ አባ ጎርጎርዮስን ይጠይቅ ነበር፤ ከተለያዩም በኋላ በግዕዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698ም ያወጣቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚህ ጥያቄና መልስ የተገኙ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር ይህ ነው። ሉዶልፍ በዘመኑ ስመ ጥር ሊቅ ሲሆን ከአንድ እንግዳ መነኵሴ ዘንድ ቁጭ ብሎ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አላፈረም። በአውሮጳ የአገራችን ጥናት የተመሠረተው አለማወቅን ገልጦ በመናገር ነው። ታዲያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያልገባውን አንድ ቀመር ወይም አንድ የጀርመንኛ ዓረፍተ ነገር ለመጠየቅ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድር ነው?

እንግዲህ ወደ ተግባር ልምጣና ለጉባኤው ሦስት አሳብ ላቅርብ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ከአንድ ነባር ተማሪ ጋራ ይመደብ። ነባሩ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ አዲሱን በአካል ያግኘው። የሚጠይቀውም «ደኅና ነህ ወይ?» ብቻ አይሁን፤ ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም «ደኅና» ብለን እንመልሳለንና። «ለየትኛው ፈተና ተመዘገብህ? የትኛው ትምህርት ከበደህ? ፕሮፌሰሩን አነጋገርህ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ዓይነት የተከፈለ የጥናት ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ይቋቋም። ልብ የከበደውም ሰው ካለ፣ በየዩኒቨርሲቲው ያለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት የምክር ክፍል እንዳለው ይነገረው። ወደዚያ መሄድ የእብደት ምልክት አይደለም፤ ጥርሱን የታመመ ሰው ወደ ሐኪም እንደሚሄድ ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ እድር እናቋቁም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ለሐዘን ቀን የሚሆን ማኅበር ያውቃሉ፤ እኛ ለፈተና ቀን የሚሆን እድር ያስፈልገናል። 30 ሰው በወር 10 ዩሮ ቢያዋጣ በዓመት 3,600 ዩሮ ይሆናል። ይህ ገንዘብ በ2024 በተወሰነው ልክ አንድን ተማሪ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ያኖራል፤ ወይም ሦስት ተማሪዎች የፈተናቸውን ወር ያለ ሌሊት ሥራ እንዲያጠኑ ያደርጋል። ብድሩ ያለ ወለድ ይሁን፤ የተበዳሪውም ስም ከሁለት ሰዎች በቀር ለማንም አይነገር። ይሉኝታን በአንድ ቀን ልናጠፋው አንችልምና ልናከብረው ይገባል፤ ሰውን እንዳይጐዳ ግን መንገድ እናብጅለት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይህ ነው።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ከእናንተም የምንለምነው አለ። የአገራችን ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ስታዩት ገብቶታል ብላችሁ አትለፉት። አንድ ጊዜ አስቀድማችሁ ብትጠይቁት ከዚያ በኋላ እርሱ ራሱ ይጠይቃችኋል።

አዲስ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቤተ ሰባችሁ የላካችሁ እንድትማሩ ነው እንጂ ፈጽሞ የማትወድቁ መስላችሁ እንድትታዩ አይደለም። አንድ ፈተና ወድቆ በማግሥቱ ለጓደኛው የተናገረ ተማሪ፣ የወደቀው ፈተና እንጂ እርሱ ራሱ አይደለም። የስብሰባችን በር በየሳምንቱ ክፍት ነው፤ የቀረ ሰው ቢኖር ግን ከእንግዲህ ወዲያ እኛ ወደ እርሱ በር እንድንሄድ ጉባኤው ዛሬውኑ እንዲወስን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንልን።