ፋሲካ ሳይደርስ ስለ ሪህ እንነጋገር

(በቁይ፣ በማኅበራችን የመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴያችን ስም የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ስለ ሪህ ጥያቄ ተነሥቶ ሳንግባባ መለያየታችንን ታስታውሳላችሁ። አንዷ «ሥጋ ነው የሚያመጣው» አለች፣ ሌላዋ «ሽሮው ነው» አለች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ «ብርድ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን» አለች። ጠይቃችሁ፣ አንብባችሁ ኑ ብላችሁ ያዘዛችሁንን እነሆ ይዘን መጥተናል። ፋሲካ ሳይደርስ መነጋገራችን ደግሞ ደግ ሆነ። ለምን እንደሆነ ከራሳችን ቤት እንጀምር።

ባለፈው ፋሲካ በአንዲት አባላችን ቤት ቅርጫው ተከፋፈለ፣ ዱለቱ ተበላ፣ ጠላውም አረቄውም ተጠጣ። በማግስቱ ሌሊት ባለቤቷ በእግሩ አውራ ጣት ሕመም ጮኾ ተነሣ። ጣቱ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ነጠላ ሲነካው እንኳ አይችልም። ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ተጠራና አሸው፤ ሕመሙ ባሰበት። ከዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሲውጥ ሰነበተና ጨጓራው ደማ። ደብረ ማርቆስ ተወስዶ ሲመረመር ነው ዩሪክ አሲዱ ከፍ ማለቱ የተነገረው። ለማዳበሪያ ብላ የቆጠበችው ገንዘብ በመኪናና በመድኃኒት አለቀ። ይህን የምንናገረው እሷ ፈቅዳልን ነው። «እኔ የከፈልኩትን ሌላዋ አትክፈል» ብላናለች።

ለመሆኑ ዩሪክ አሲድ ምንድን ነው? በሰውነታችንም፣ በምንበላውም ምግብ ውስጥ ፒዩሪን የሚባል ነገር አለ። እሱ ሲፈርስ የሚቀረው ቆሻሻ ነው ዩሪክ አሲድ። አብዛኛውን ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ሳይወጣ ሲቀርና ሲበዛ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ጠጠር ይሠራል። አውራ ጣትን የሚወድበት አንዱ ምክንያት ጫፍ ያለ ስለሆነና ከቀረው ሰውነት ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ዩሪክ አሲድ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይረጋል። ኩላሊት ውስጥም ጠጠር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በደም ምርመራ ለወንድ ከ7፣ ለሴት ከ6 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ሲሆን ከፍ ብሏል ይባላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ እኛ «ሪህ» የምንለው ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። የጉልበት መድከም፣ የወገብ ቁርጥማት፣ የእጅ መገጣጠሚያ በጠዋት መተሳሰር የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ስለዚህ ጉልበቷን ያመማት ሁሉ ሥጋ ትተው አይባልም። ሁለተኛ፣ ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ አይታመምም። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ደግሞ ምርመራው ደኅና ሊመስል ይችላል፤ ሕመሙ ከተወ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ይሻላል።

«የወንድ በሽታ ነው» የሚለውንም እናስተካክል። ሴት የወር አበባ እስካየች ድረስ ሆርሞኗ ኩላሊቷን ያግዝላታል። የወር አበባ ሲቆም ያ እገዛ ይቀራል። ከመካከላችን ከሃምሳ ዓመት ያለፍን፣ በተለይ ደም ግፊት ያለብን፣ ውፍረት የጨመርን ወይም ኩላሊታችን የደከመ፣ እኛንም ይመለከተናል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ክኒን ዩሪክ አሲድን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ስትሰሙ ግን ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ለሐኪሙ ንገሩት፣ እሱ ይቀይረዋል።

አሁን ወደ ማጀታችን እንግባ። ከሁሉ በላይ ፒዩሪን ያለው በሆድ ዕቃው ነው። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ከነሱም የሚሠራው ዱለት ለዚህ በሽተኛ አይሆንም። ቀጥሎ ቀይ ሥጋ፣ በጣሳ የታሸገ ሳርዲንም አለበት። ሥጋ ሲቀቀል ፒዩሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ፣ ለታመመ ሰው ብርታት ይሁነው ብለን የምናጠጣው የሥጋ መረቅ ለዚህኛው ታማሚ ብርታት አይሆንም። ሥጋ ፈጽሞ ይከልከል ማለታችን አይደለም። ትንሽ ይብላ፣ አንድ ቀን በልቶ ሌላ ቀን ይተው፤ ከሆድ ዕቃው ግን ይራቅ።

ሽሮውስ? ሽሮው ነጻ ወጥቷል! ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ፒዩሪን አላቸው፤ ሆኖም በአሜሪካ ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት፣ ፒዩሪን ያላቸው አትክልትና ጥራጥሬ ሪህን እንዳላበዙ አሳይቷል። ያበዙት ሥጋና የባሕር ምግብ ናቸው። ወተትና የወተት ውጤት ደግሞ ሪህን የቀነሱ ሆነው ተገኙ፤ በተለይ ቅባቱ የወጣለት። እኛ ቅቤውን ገፍተን የምናስቀረው አሬራ ማለት ነው! ስንቶቻችን ነን አሬራውን ለጥጃና ለውሻ የምንደፋው? አሬራና አይብ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ እንጀራ በሽሮ፤ ይህ ሁሉ ለበሽተኛው ይስማማዋል፣ ከገበያም የሚገዛ ውድ ነገር የለበትም።

ጣፋጩንም አንርሳ። ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ዩሪክ አሲድን ያበዛል። በለስላሳ መጠጥ ውስጥ አለ፣ በማርም ውስጥ ብዙ አለ። ጠጅ ማርም አልኮልም ነው፤ በሁለት በኩል ይመጣል። ቡና ግን አትፍሩት፤ የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም፣ እንዲያውም ቡና ጠጪዎች ላይ ሪህ ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ስኳሩን ብቻ ቀንሱለት።

አሁን ከባዱ ነገር ላይ ደረስን፤ መጠጡ ላይ። አልኮል ሰውነት ዩሪክ አሲድ እንዲያበዛ ያደርጋል፣ ኩላሊትም እንዳያስወጣው ይይዝበታል። በጥናት ቢራ ከሁሉም የባሰ ሆኖ ተገኝቷል፣ ጠንካራ መጠጥ ይከተለዋል። ጠላችን በዚያ ጥናት አልተመዘነም፤ ነገር ግን ከብቅልና ከእህል ፈልቶ የሚጠጣ ነውና ከቢራ ወገን እንጂ ከውኃ ወገን ልንቆጥረው አንችልም።

ከመካከላችን ጠላ ጠምቀን፣ አረቄ አውጥተን ልጅ ያስተማርን፣ ቤት የሠራን አለን። ዛሬ ተነሥተን «አትጥመቁ» ብንላችሁ ራሳችንን እንዋሻለን። ግን በገዛ እጃችን የጠመቅነው በገዛ ቤታችን ሰው ሲያስተኛ ዝም ማለትም አልቻልንም። በኮሚቴው ውስጥም አልተስማማንም፤ ሁለት ስብሰባ ተከራክረናል። የተስማማንበትን እንንገራችሁ፦

አንደኛ፣ «በሞቴ» ማለትን እንተው። ሰው በቃኝ ሲል «በሞቴ ይህችን ብቻ» እያልን የምናስጨምረው ለፍቅር ነው። ሕመሙ የታወቀበትን ሰው ግን በሞታችን እየማልን ማሳመም ፍቅር አይሆንም። በዝክርም በማኅበርም ከጠላው ጎን የፈላ የቀዘቀዘ ውኃና አሬራ ይቅረብ፤ ያላነሣ ሰው አይታፈር።

ሁለተኛ፣ አረቄ የምታወጡ እህቶች፣ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ላብ ሲወርዳችሁ ውኃ ሳትጠጡ አትዋሉ። የውኃ እጥረት ዩሪክ አሲዱን ያጠራቅመዋል። ቅምሻውም ቢሆን ተደማምሮ መጠጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመጥመቅ ወደ ዶሮና ወደ ወተት መሻገር የምትፈልግ አባል ካለች፣ ከቁጠባችን ብድር ቅድሚያ ይሰጣት የሚል ሐሳብ አቅርበናል። በዚህ ላይ ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡ እንጠይቃለን።

ስለ ጾሙም ትጠይቁናላችሁ። የጾም ምግባችን ለዚህ በሽታ ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው 55 ቀን ከሥጋ ርቆ የቆየ ሰውነት በአንድ ሌሊት ሥጋና መጠጥ ሲጫንበት ነው። ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት አንዱ ድንገተኛ ለውጥ ነውና። ስለዚህ ፋሲካን በአይብና በእንቁላል እንፍታለት፣ ሥጋውን በትንሽ በትንሹ እናቅምሰው። ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ሰዓት መቆየት የሚያሳምመው ሰው ደግሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። ውኃውን ከጾም ውጪ ባለው ሰዓት አብዝቶ ይጠጣ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን መጠኑን ከሐኪም ይጠይቅ።

በመጨረሻም እውነቱን እንናገር፤ ምግብ ብቻውን ሁሉንም አያድንም። አብዛኛውን ዩሪክ አሲድ የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው፣ በዘርም ይመጣል። ሕመሙ የሚመላለስበት ሰው መድኃኒት ያስፈልገዋል። አሎፑሪኖል የሚባለውን መድኃኒት ካስገኙት አንዷ ገርትሩድ ኤልየን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ ሴት ናት ተብላ ሥራ ስትከለከል ኖራ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከባልደረቦቿ ጋር ወስዳለች። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ሕመሙ ጋብ አለ ተብሎ አይቋረጥም። ሽፍታ ከወጣ ግን ቆሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ያበጠ ጣት አይታሽም፣ በትኩስ ነገርም አይተኮስም፤ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ ነው።

ባልን መቆጣጠር አይቻልም የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ልክ ናችሁ፤ ሰው በግድ አይጠበቅም። ግን ሰሃኑን የምናቀርበው፣ ዋንጫውን የምንሞላው እኛ ነን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና፣ በቤታችሁ ያለውን ደብቃችሁ አትቀመጡ፤ ለኮሚቴው ንገሩን፣ አብረን እንሄዳለን።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። አሁን ወደ ድምፁ እንለፍ።