የትኛው ሦስት ሰዓት? ስለ ሰርቨር ብልሽት ፍለጋ እና ስለ ቴክኖሎጂ ዜና አነባበብ



ስለ ሰርቨር ብልሽት ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ነው። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ተቋም የሰርቨሮች ኃላፊ ነበርሁ። በምዝገባ ሳምንት፣ ተማሪዎች በረጅም ሰልፍ በቆሙበት ጠዋት፣ የምዝገባው ሥርዓት በድንገት ቆመ። ከመዝገብ ቤት የመጣው የብልሽት ማሳወቂያ ቅጽ «ብልሽቱ የጀመረበት ሰዓት፦ 3፡00» ይላል። የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ ከፍቼ በቀጥታ ወደ 03፡00 ሄድሁ። በዚያ ሰዓት አንድ ወጣት ቴክኒሺያን ከቤቱ ሆኖ ወደ ሰርቨሩ ገብቷል፤ አንድ ቅንብር ለውጦም አገልግሎቱን አጥፍቶ አስነሥቷል። ምክንያቱን ያገኘሁ መሰለኝ። ልጁን አስጠርቼ በባልደረቦቹ ፊት ወቀስሁት። «ዶክተር፣ ከጨረስሁ በኋላ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራ ነበር» አለኝ። አልሰማሁትም።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የጻፈችው ማናችንም እንደምንጽፈው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን ነው። በማሽኑ አቆጣጠር ይህ 09፡00 ነው፤ እኔ የተመለከትሁት ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትን ነበር። ወደ ትክክለኛው ሰዓት ስመለስ መዝገቡ ምክንያቱን በግልጽ ያሳያል፦ ዳታቤዙ የሚጽፍበት ዲስክ ሞልቷል። ዲስኩን የሞላው ደግሞ ከወራት በፊት ሌላ ችግር ለመመርመር እኔው ራሴ ከፍቼ፣ መዝጋቱን የረሳሁት ዝርዝር የክትትል መዝገብ ነበር።

ከዚህ ገጠመኝ ሁለት ነገሮችን ተምሬያለሁ። የመጀመሪያው የሙያ ነው፤ ሁለተኛውን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

ብልሽት ፍለጋ ሲጀመር ምልክትንና መንስኤን መለየት ያስፈልጋል። «ሥርዓቱ ቆመ» ምልክት ነው። «ልጁ አበላሸው» ደግሞ ገና ያልተፈተነ ግምት ነው። በሁለቱ መካከል ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ፦ በትክክል መቼ ጀመረ? ሰዓቱ የተነገረው በየትኛው አቆጣጠር ነው? ከዚያ በፊት ምን ተለወጠ? ግምቴ ስሕተት ቢሆን ምን ማስረጃ ማየት ነበረብኝ? የመጨረሻውን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያሉትን ስድስት ሰዓታት እመለከት ነበር፤ በእነዚያ ሰዓታት ሥርዓቱ ያለ እንከን ሲሠራ እንደነበር መዝገቡ ይመሰክራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ሆነ።

የቴክኖሎጂ ዜናም በዚሁ ዓይን ሊነበብ ይገባዋል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ አውሮፕላኖች ከበረራ ቀሩ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ፤ የኮምፒውተሮች ገጽታም ሰማያዊ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙዎች «የማይክሮሶፍት ብልሽት» አሉት፤ የሳይበር ጥቃት ነው ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። መንስኤው ግን ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡09 ላይ ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ ፋይል ነበር። ኩባንያው በኋላ ባወጣው ማብራሪያ መሠረት አዲሱ ፋይል 21 ግብዓቶችን ሲጠብቅ ፕሮግራሙ የሚያቀርበው 20 ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ 21ኛውን ፍለጋ ከተፈቀደለት የማስታወሻ ክፍል አልፎ አነበበ፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ በመሆኑ ማሽኑን ይዞት ወደቀ።

ፋይሉ በ78 ደቂቃ ውስጥ ተመልሷል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽኖች ተጎድተው ነበር። ብዙዎቹን ለማስነሣት ባለሙያዎች በየማሽኑ ፊት ቆመው ፋይሉን በእጅ መሰረዝ ነበረባቸው። «ስሕተቱ ታርሟል» የሚለው ዜና እውነት ነበር፤ «ችግሩ አብቅቷል» ማለት ግን አልነበረም።

መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፉም እንዲሁ ነበር። ከውጭ ለሚመለከት ሰው የጠፋው የስም አድራሻቸው ነው። መንስኤው ግን ወደ ውስጥ ጠለቅ ያለ ነበር፦ በመደበኛ የጥገና ሥራ ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የኩባንያውን የመረጃ ማዕከላት የሚያያይዘውን ዋና መስመር ቆረጠ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ማገድ የነበረበት መቆጣጠሪያም የራሱ እንከን ስለነበረበት አሳለፈው።

ለሸማቹ በሚቀርበው የዕቃ ዜናም የእኔው «ሦስት ሰዓት» ይደጋገማል፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ አቆጣጠሩ ሁለት ይሆናል። አንድ ቴራባይት ዲስክ ገዝታችሁ ዊንዶውስ ላይ ስትከፍቱት 931 ጊጋባይት ያህል ያሳያችኋል። ሻጩ አላጭበረበረም፤ አምራቹ በሺህ፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው። የ100 ሜጋቢት ኢንተርኔት የተዋዋለ ሰው ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ ከ12.5 ሜጋባይት በላይ አያገኝም፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና። «እስከ» የምትለውን ቃልም በማስታወቂያ ላይ ስታገኙ ልብ በሉ፤ የምትነግራችሁ ጣሪያውን እንጂ የዕለት ተዕለቱን ልክ አይደለም። ስለዚህ ተማሪዎቼን «ቁጥር ከማመናችሁ ወይም ከመካዳችሁ በፊት መለኪያውን ጠይቁ» እላለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትምህርት ልመለስ። ያን ወጣት ይቅርታ የጠየቅሁት በዚያው ቀን ነው። ነገር ግን የጠየቅሁት በቢሮዬ፣ በሩን ዘግቼ ነው። ወቀሳዬን በአደባባይ የሰሙት ባልደረቦቹ ይቅርታዬን አልሰሙም። ዲስኩን በግማሽ ሰዓት አስተካከልነው፤ የልጁ ስም ግን በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ለምን ያህል ጊዜ ጎድፎ እንደቆየ የሚነግረኝ የክንውን መዝገብ የለም። የዜና እርማትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ክሱ በትልቁ ይጻፋል፣ እርማቱ ከግርጌ ይቀራል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ እናንተም በሰርቨር ፊት ትቆማላችሁ፤ ከጀርባችሁ ሰልፍ ይኖራል፤ ስልካችሁ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ አለቃችሁም «ማን ነው ያደረገው?» ይላችኋል። በዚያ ሰዓት «ማን» ከማለታችሁ በፊት «ምን» እና «መቼ» በሉ። ከተሳሳታችሁም ይቅርታችሁን ወቀሳችሁ በተሰማበት ቦታ አሰሙ። እኔ ይህን ለማድረግ ዘግይቻለሁ፤ ዛሬ በዚህ መድረክ የተናገርሁትም በከፊል ስለዚያ ነው።