የሕፃናት ሁከት በሰንበት ትምህርት አዳራሽ



በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናት ተሰብስበው ይማራሉ። የሚያስተምሯቸውም ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀናት በሌላ ሙያ የተሰማሩ ወጣቶች ናቸው። እነዚህ አገልጋዮች አብዝተው የሚያማርሩት የጥቂት ሕፃናትን ሁከት ነው። አንዱ ይሮጣል፤ ሌላው ጓደኛውን ይቆነጥጣል፤ ሦስተኛው መዝሙሩ ሳያልቅ ይጮኻል። የተለመደው መፍትሔ መገሠጽ ወይም ከአዳራሹ ማስወጣት ነው። ይሁን እንጂ የ6 ዓመት ሕፃን በየሳምንቱ ደጅ ሲቆም የሚቀስመው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ቤቱ የእርሱ አለመሆኑን ነው። ካደገ በኋላ ይህን ትምህርት ማስረሳት ከባድ ነው።

አንድ ሞተር ሲንቀጠቀጥ የተተከለበትን መሠረት አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻም። የሕፃናት ሁከትም ምርመራው ከልጁ ጠባይ በፊት ከአዳራሹ፣ ከሰዓቱና ከተሰጠው ሥራ መጀመር ይኖርበታል።

በመጀመሪያ አዳራሹ ይታይ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን፣ የተለሰነ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ድምፅን እየመለሱ ያስተጋባሉ። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1895 ማጥናት የጀመረው አዳራሽ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ 5 ሴኮንድ ተኩል ያህል የሚሰማበት ነበር፤ ሳቢንም የመቀመጫ ትራሶችን እያስገባ ማስተጋባቱ እንደሚቀንስ በመለኪያ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1911 ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲዬን ሎምባር ሰው በጫጫታ መካከል ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ገለጸ። እንዲህ ባለው አዳራሽ መምህሩ ከጫጫታው በላይ ሊሰማ ይጮኻል፤ ልጆቹም ከመምህሩ ድምፅ በላይ ለመነጋገር ይጮኻሉ። ስለዚህ ወለሉን በሰሌን ወይም በምንጣፍ መሸፈን፣ በግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ መስቀል ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ ሕፃን ሳይበላ ረጅሙን ቅዳሴ አስቀድሶ ይመጣል። የራበውንና የደከመውን ልጅ አርፈህ ተቀመጥ ማለት ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው። ቁራሽ ዳቦና ውኃ፣ ጥቂትም የመፈንጫ ጊዜ ከትምህርቱ ሊቀድሙ ይገባል።

ሦስተኛው ሥራ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት የበረታው ተማሪ ታናሹን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ይህን ልማድ በመከተል ሕፃናቱን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ታላቅ ልጅ መመደብ ይቻላል። ትምህርቱም አጭር ሆኖ በመዝሙርና በሽብሸባ ቢፈራረቅ ሰውነታቸው ሥራ ያገኛል። እረፍት የለሹ ልጅ መጻሕፍት እንዲያድል ይታዘዝ፤ ይህም ከመረበሹ በፊት እንጂ ለረበሸበት እንደ ሽልማት አይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚረብሽ ልጅ ቢቀር፣ መምህሩ ለብቻው ጠርቶ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋግረው፤ ከወላጆቹም ጋር ይመካከር። ጆሮው በደንብ የማይሰማ፣ ወይም በቤቱ ኀዘን የገባ ሊሆን ይችላል።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። የዚህ ማኅበር አባላት የአጥቢያቸውን አዳራሽ ፕላን እንዲያወጡ በነጻ ሲጠየቁ፣ ድምፅ የሚውጥ ኮርኒስ በወጪ ቅነሳ ስም እንዳይሰረዝ ቢከራከሩ፣ ደጅ የሚቆመው ሕፃን ወደ ውስጥ የሚመለስበትን መንገድ በሙያቸው ጠርገዋል ማለት ነው።