ምሽጉና ውኃው

 

ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ እንዳ ኢየሱስ ግቢ ለምረቃ ንግግር ስጋበዝ ግር አለኝ። መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ በሚመረቅበት መድረክ ላይ ቲያትር ጸሐፊ ምን ይሠራል? ብዬ ጠየቅኩ። የጋበዙኝ ሰዎች መልስ አጭር ነበር፤ «ተውኔት እየጻፉ፣ እያስተማሩ፣ አገር ላገር እየዞሩ ልጆች እንዴት እንዳሳደጉ ይንገሩልን» አሉኝ። ተማሪዎቼም ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቀው «ቲቸር፣ ሁሉን እንዴት አመጣጠኑት?» ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ተመጣጥኖልኝ አያውቅም። በብዙ ዓመት የተማርኩት ሌላ ነገር ነው። ሥራ ከሥራ ጋር ይዳበላል፤ ቤተሰብ ግን ከምንም ጋር አይዳበልም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሙያዬን ጠባይ ላሳያችሁ። በአገራችን አንድ ቲያትር በሳምንት የተመደበለት ቀን አለው። ከተወደደ በዚያው ቀን ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይታያል። አዳራሹ የሚሞላው ሰው ከሥራ በሚያርፍበት ሰዓት፣ በሳምንቱ መጨረሻና በበዓል ሰሞን ነው። ሠርጉ፣ መልሱ፣ ክርስትናው፣ የዕድር ስብሰባውም በዚያው ቀን ነው። ሰው ዘመድ ሲጠይቅ እኛ መጋረጃ እንገልጣለን። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ማስተማር አለ። የልምምዱ መጨረሻ ሳምንት ከፈተና እርማት ጋር ሲገጥም፣ በአንድ እጅ የተዋናዩን ቃለ ተውኔት፣ በሌላው የተማሪውን የመልስ ወረቀት ይዞ ማምሸት የተለመደ ነው። ቲያትሩ ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ደግሞ ሻንጣ ይታሰራል።

እንዲህ ያለውን ኑሮ የጀመርነው እኛ አይደለንም። የኢትዮጵያ ቲያትር ከመነሻው በአስተማሪዎች ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ አስተማሪ ሆኑ፤ ተውኔታቸውንም ተማሪዎቻቸው ተጫወቱላቸው። በዚያ ዘመን ደመወዝተኛ ተዋናይ ከየት ይመጣል? መማሪያ ክፍሉ ነበር የተዋናዩ ምንጭ። ጣሊያን ሲገባ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ብዕራቸውም አብሯቸው ተሰደደ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ደግሞ አስቧቸው። በልጅነታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ ተመልሰው በወረራው ዘመን ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም ወደ ጣሊያን ተወስደው አዚናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው መጽሐፋቸው በ1942 ዓ.ም. ታተመ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ስንት ነገር እንደሚጠብቃት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የተማሪ ምግብ አለ፣ የመምህር እጥረት አለ፣ የወላጅ አቤቱታ አለ። ወይዘሮ ስንዱ ከዚህ ሁሉ የተረፈ የጽሕፈት ሰዓት አልጠበቁም። ተውኔት የጻፉት ለትምህርት ቤቱ ልጃገረዶች ነው። ድርሰቱ ትምህርት ሆነ፣ ትምህርት ቤቱ መድረክ ሆነ።

መንግሥቱ ለማም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ለንደን ተማሩ፣ ኒው ዴልሂ በኤምባሲ ሠሩ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ተማሪዎችን አስተማሩ። «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ሁለቱም የትዳር ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ያስቃሉ። ውጭ አገር የኖረ ሰው ወደ ገዛ አገሩ ልማድ ሲመለከት፣ እኛ ለምደነው የማናየውን ነገር ያያል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የተማሩት ሕግ ነበር። ቀጥሎ ለንደንና ፓሪስ የቲያትር ቤቶችን አሠራር አይተው መጡ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለውን ቤት መሩ፤ በዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። ከባሕር ማዶም ብንወስድ ሩሲያዊው ቼኾቭ ሐኪም ነበር። ገበሬ እያከመ ነው ተውኔት የጻፈው።

እነዚህ ሰዎች ቀናቸውን እንደ ዳቦ እየቆረሱ ለየሥራው አላደሉም። አንዱን ሥራ የሌላው መጋቢ አደረጉት እንጂ። እኔም ከእነርሱ የተማርኩት ይህን ነው። ተማሪ «ይህ ገጸ ባሕርይ ለምን እንዲህ አደረገ?» ብሎ ሲያፋጥጠኝ፣ ማታ ቤቴ ስገባ የራሴን ጽሑፍ በዚያው ጥያቄ አፋጥጠዋለሁ። ልምምድ ላይ ያልሠራ ትዕይንት በማግስቱ የክፍል ምሳሌ ይሆናል። በጉዞ የሰማሁት አነጋገር ከዓመታት በኋላ በአንዱ ሽማግሌ አፍ ይገባል። የእናንተም ሙያ ከዚህ አይለይም። የመስኖ ባለሙያ ሆናችሁ ገበሬ ስታሠለጥኑ ትማራላችሁ፤ መሐንዲስ ሆናችሁ ስታስተምሩ ሕንፃችሁ ይሻላል። ሁለት ሥራ ያዝኩ ብላችሁ አትፍሩ፤ ሁለቱ የማይተዋወቁ ሲሆኑ ግን ፍሩ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ከባዱ ቤት ስንገባ ይጀምራል።

ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች አንድ ቀን ማዕድ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጓደኛዋ ጋር እንዴት እንደተጣላች ትነግረኛለች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። አነጋገሯ ግሩም ነበር፤ የጓደኛዋን ድምፅ እያስመሰለች፣ መሐል ላይ ዝም እያለች፣ ደርሶ እየተቆጣች። እጄን በፎጣ ጠረግ ጠረግ አድርጌ እስክርቢቶ ለማንሳት ዘወር ስል ወሬዋን አቆመች። «እማዬ፣ ልትጽፊው ነው?» አለችኝ። እስክርቢቶውን ተውኩት፤ እሷ ግን የቀረውን አልነገረችኝም። ለአስተማሪነቴና ለደራሲነቴ የሚሠራው ብልሃት እናትነቴ ላይ እንደማይሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። ተማሪ ምሳሌ ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ተዋናይ ጽሑፍ ሲሆን ይኮራል። ልጅ ግን የምትፈልገው ሰሚ ነው። ለሌላ ጉዳይም የሚጠቅም ጆሮ ይዘን ስንቀርባት ወዲያው ታውቅብናለች።

መንግሥቱ ለማ ይህን በሚገባ ያወቁ ይመስለኛል። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የነገሯቸውን ትዝታ መዝግበው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገሩት አባትየው ናቸው። ልጅየው ያን ያህል የታወቁ ደራሲ ሆነው ሳለ የጸሐፊነት ሥራ ሠሩ፤ ተቀምጠው አዳመጡ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚወለደው ማዳመጡ ሲቀድም ነው።

አሁን ስላለንበት ስፍራ ልናገር። በ1888 ዓ.ም. በማዦር ጋሊያኖ የሚመራ የጣሊያን ጦር እዚሁ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ ነበር። ግንቡ ብርቱ ነበር፣ መድፉም ተጠምዷል። ፊት ለፊት የገጠሙት ብዙ ጀግኖች ወደቁ። እቴጌ ጣይቱ ግን ግንቡን ትተው ውኃውን አዩ። ምሽጉ የሚጠጣበት ምንጭ ከግንቡ ውጭ ነበር። ምንጩ ተያዘ፤ ያ ሁሉ መድፍ ጥም አላስታገሠም፤ በጥር ወር ምሽጉ ተለቀቀ።

ሙያም ምሽግ ነው። ዛሬ የምትቀበሉት ዲግሪ የመጀመሪያው ድንጋይ ነው፤ ነገ ማስተርሱ፣ ሹመቱ፣ የውጭ ጉባኤው ይደረደርበታል። ገንቡት፣ አጠንክሩት። ነገር ግን የምትጠጡት ውኃ ከግንቡ ውጭ ነው፤ እናት አባታችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁ፣ ልጆቻችሁ፣ ጓደኞቻችሁ ዘንድ ነው። በዕድሜዬ ብዙ የተሸለመ ሰው በጥም ሲፈታ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ለወንዶቹ ተመራቂዎች አንድ ነገር ልበል። «ሥራና ልጅ እንዴት አመጣጠንሽ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የማይቀርልኝ ነው፤ ወንድ ባልደረቦቼ ሲጠየቁት ግን ሰምቼ አላውቅም። የማይጠየቁትም ሌላ ሰው ስለሚመልስላቸው ነው። የታላላቅ ደራሲዎቻችንን ታሪክ ስናነብ የተጻፈውንና የተሸለመውን እናገኛለን፤ ያን ጊዜ ልጁን ማን አስታመመ የሚለውን አናገኝም። እኔ ክፍለ ሀገር ስወጣ ባለቤቴ የልጆቹን ደብተር ያይ ነበር፤ እናቴ ወገቧ እያመማት የመጨረሻውን ልጄን አዝላለች። በቲያትሮቼ ማስታወቂያ ላይ ስማቸው የለም። በየቤቱ እንዲህ ያለ ሂሳብ ይከፈላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ማን እንደሚከፍል ጠይቁ፤ ፈቃዱን አግኙ፤ ተራችሁ ሲደርስም ክፈሉ። ሚስትህ ለትምህርት ስትሄድ ልጅ የምታጥበው አንተ ነህ።

የጊዜን ነገር በተመለከተ ለእኛ ቤት የበጀን ልማድ ቀላል ነው። አዲስ ቲያትር ከመፈራረሜ በፊት የልምምዱና የትዕይንቱ ቀን በቤታችን የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፋል፤ የልጆቹ የወላጆች ቀንና የዘመድ ሠርግ ግን ቀድሞ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ቀን ከቀን ሲጋጭ ጭቅጭቁ ሥራውን ከመቀበሌ በፊት ያልቃል። አንዳንዱ ሥራ በዚህ ምክንያት አልፎኛል። የተረፈኝም ብዙ ነው።

ውድ ተመራቂዎች፣ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ልትነግሩን የምትችሉት እናንተና ወላጆቻችሁ ናችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት መማሪያ ክፍሉ ተዘጋ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ ስልኩ ተዘጋ። ደመወዝ ሲቆም ብዙ ባለሙያ ምሽጉን ሁሉ አጥቶ ቆመ። ያን ጊዜ ሰው ያቆየው ቤተሰብ ነው፤ ያለው ለሌለው የቆረሰው እንጀራ ነው። እዚህ ከተቀመጡት እናቶች መካከል የልጃቸው ትምህርት እስኪቀጥል ደብተሩን ጠቅልለው ያስቀመጡ አይጠፉም። ስለዚህ ዛሬ ጋዋኑን የለበሳችሁት እናንተ ብትሆኑም ያስመረቋችሁ እነርሱ ናቸው።

ከነገ ጀምሮ ሥራ ፍለጋው አለ፣ ማመልከቻው አለ፣ ምናልባትም ከአገር መውጣቱ አለ። ሂዱ፤ ጉዞ ሰውን ያሰፋል። ሁለትና ሦስት ሥራ ብትይዙም አስተዋውቋቸው፤ ይረዳዳሉ። ለቤታችሁ ግን የተረፈውን ሰዓት አትስጡ፤ የሚሰጠውን ሰዓት አስቀድማችሁ ቁረጡለት። ወላጆች፣ ልፋታችሁ ፍሬ አፍርቷል፤ ዕድሜ ሰጥቶ ለወግ ለማዕረጋቸውም ያብቃችሁ። ተመራቂዎች፣ አሁን ንግግሬን ልጨርስላችሁ፤ ወላጆቻችሁ ፎቶ ለመነሳት እየጠበቋችሁ ነው፤ መጀመሪያ ከእነርሱ ጋር ተነሱ።