ስለ መላጊያ ማሽናችን ምላጭ
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እኔ አናጢ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ነገር ግን የእንጨት ሥራ ቤታችንን ሒሳብ ስለምይዝ ገንዘባችን የሚያፈስበትን ቀዳዳ አውቃለሁ። አግዳሚ ወንበር የምናሠራው ከአሮጌ ጣውላ ነው። አንዲት ምስማር ተደብቃ ከቆየች ረጅሙ ምላጭ ይሸረፋል፤ ተፈትቶ ለሳይ ይላካል፤ ሥራውም ይቆማል። ባለፈው ለቅሶ ወንበር ሳይደርስ ቀርቶ ሽማግሌዎች ቆመው መዋላቸውን ታስታውሳላችሁ።

አሁን ከካርባይድ የተሠሩ፣ አራት ማዕዘን የሆኑ ትናንሽ ምላጮች በብሎን የሚታሰሩበት ከበሮ አለ። አንዱ ጎን ሲደነዝ ብሎኑን አላልቶ ማዞር ነው፤ አራት ስለት አለውና። ምስማር ቢያገኘውም የተሸረፈው ብቻ ይዞራል ወይም ይለወጣል። ከተለመደው የብረት ምላጭም ይልቅ ስለቱ ይቆያል።

እውነቱን ልናገር፤ ዋጋው ውድ ነው። ካርባይድም ጠንካራ ይሁን እንጂ ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ምስማር ለቅሞ መንቀሉ አይቀርም። ከመግዛታችንም በፊት ከማሽናችን ጋር መግጠሙ ይለካ። ምላጭ ከመነካቱ በፊት ማሽኑ ከመብራት ይነቀል። መቀመጫውም ከብናኝ በደንብ ይጠረግ፤ አለዚያ ምላጩ ከፍ ዝቅ ብሎ ጣውላውን ይጭረዋል።

በየጊዜው ለሳይ እየከፈልን ሥራ ከምናስፈታ፣ አንድ ጊዜ አውጥተን ብንገላገል ይሻላል እላለሁ። ውሳኔው የእናንተ ነው።