መጠጊያ የተባለች ከተማ፤ ስለ ፔላና ስለ ማዕድዋ የተነገረ ንግግር



በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፣ በአዮዋ ግዛት፣ ከዋናው ከተማ ከደሞይን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ፔላ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2020 ቈጠራ ሕዝብዋ ከ10 ሺህ ጥቂት ይበልጥ ነበር (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ስምዋ ግን ጥንታዊ ነው። ኢየሩሳሌም በጠፋች ጊዜ ምእመናን ሸሽተው የተጠጉባት፣ በዮርዳኖስ ማዶ የነበረችው ከተማ ፔላ እንደ ነበረች አውሳብዮስ ጽፎአል። ሄንድሪክ ስኮልተ የተባለው ሰባኪ 800 የሚያህሉ ሆላንዳውያን አስከትሎ ከአገሩ ወጥቶ በ1847 ይህችን ከተማ ሲመሠርት፣ ያንኑ ስም ሰጣት። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን በመለየታቸው በመቀጮና በእስራት ተጨንቀው ነበርና፤ ለስደተኛም ከመጠጊያ የሚበልጥ ስም የለም።

በመጀመሪያው ክረምት ብዙዎቹ መሬት ቈፍረው፣ በሣር ከድነው ኖሩ፤ ሰፈሩም የገለባ ከተማ ተባለ። ስኮልተ በ1848 ያሠራው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ሚስቱ ማሪያ ከአገርዋ ያመጣቻቸው ሳሕኖች በመንገድ ተሰብረውባት፣ ስብርባሪውን በአትክልትዋ መተላለፊያ ላይ እንዳነጠፈችው ይነገራል። እንግዳ የሆነ ሰው ጉብኝቱን ከዚህ ቤት ቢጀምር የቀረውን ሁሉ ያስተውለዋል።

ከዚያ ወደ አደባባዩ ቢወጣ፣ ከ1898 ጀምሮ የሚታወቀውን የያርስማን ዳቦ ቤት ያገኛል። ስመ ጥሩው መብል የሆላንድ ፊደል የሚሉት ነው፤ ንብርብሩ ሊጥ የተፈጨ ለውዝ በውስጡ ይዞ፣ በላቲኑ ፊደል በኤስ መልክ ተጠምዞ ይጋገራል። ለውዝ ማለትም የአሮን በትር ያፈራችው ነው እንጂ ኦቾሎኒ አይደለም። ቅቤ ስለሚገባበት ጾመኛ ለፍስክ ቀን ያቈየው። ከሥጋ ቤቶችም በጢስ የበሰለ፣ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ የፔላ ቋሊማ ይሸጣል፤ ከእሪያ ሥጋ የሚጠነቀቅ ሰው ግን ሳይገዛ ይጠይቅ።

በዚያው አቅራቢያ በ2002 የተሠራ፣ 38 ሜትር የሚያህል ቁመት ያለው የነፋስ ወፍጮ ቆሞአል። ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በነፋስ ኀይል ስንዴ ይፈጫል። በሜይ መጀመሪያ፣ ማለት በሚያዝያ መጨረሻ፣ የቱሊፕ አበባ በዓል ይከበራል፤ ሰዎችም የእንጨት ጫማ አድርገው ጐዳናውን ያጥባሉ። በዓሉ በ1935 ሲጀመር በቂ አበባ ስላልነበረ ቱሊፑን ከእንጨት ሠርተው አቆሙት።

ከከተማይቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ በአዮዋ ከሁሉ የሚሰፋው የሬድ ሮክ ሐይቅ አለ። ስንቅ ይዞ በዳሩ ለሚቀመጥ ሰው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ጐርፍን ለመከልከል የተሠራው ግድብ በ1969 ሲፈጸም ትንንሽ መንደሮች ከውሃው በታች ቀርተዋል፤ ከመጠጊያይቱ ከተማ አጠገብ ቤታቸውን የለቀቁ ጐረቤቶች እንደ ነበሩ አይረሳ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ነገር ግን በዓይን አይታይም። በ1918፣ በዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአዮዋ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በአደባባይ፣ በትምህርት ቤት፣ በስልክ፣ በስብከትም እንኳ እንዳይነገር ዐወጀ። አዋጁ በዚያው ዓመት ተሻረ፤ ሆኖም የሆላንድ ቋንቋ ከመቅደሱም ከገበያውም እየሳሳ ሄደ። አዋጅ የጀመረውን ጊዜና ቸልታ ፈጸሙት። ዛሬ የአባቶቹን ጽሕፈት ማንበብ የማይችል ልጅ ፊደላቸውን ከዳቦ ቤት ገዝቶ ይበላል።

በባዕድ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ያስተውል። ማዕድ ብዙ ነገር ያቈያል፤ ጣዕምን፣ በዓልን፣ ስምንም ይጠብቃል። ቋንቋን ግን ማዕድ ብቻውን አያቈይም፤ በማዕዱ ዙሪያ ካልተነገረ በቀር። እንጀራው በተቈረሰ ጊዜ ወሬውም በዚያው ቋንቋ ይሁን።