ከሲሶው ለተራበው

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምንነጋገረው ከዛሪማ በደረሰን አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ዛሪማ ከደባርቅ ተነስተን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጨርስ፣ ወደ አዲአርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምናገኛት ከተማ ናት። ጠያቂያችን እህል ነጋዴ የሆኑ ሽማግሌ አባት ናቸው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ ቤታቸውን ዘግተው ከብዙ ወገን ጋር ወደ ደባርቅ ተሰደዱ። “ዕድሜዬን ሙሉ እህል ስሰፍር የኖርኩ ሰው፣ የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ሰልፍ ቆምኩ” ይላሉ። “አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ቤቴ ገብቻለሁ። ስሞት ግን ከንብረቴ ለተራበ ሰው የሚደርስ ነገር እንዲቀር እፈልጋለሁ። ለልጆቼም በቃሌ ነግሬያቸዋለሁ። ይህ ይበቃል ወይ?”

አባታችን፣ ኒያዎን አላህ ይቀበልዎ። መልሳችን ግን አይበቃም ነው። ይጻፉት።

የተራበን ማብላት በዲናችን ትልቅ ቦታ ያለው ዒባዳ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ኢንሳን ሚስኪኑን፣ የቲሙንና እስረኛውን የሚያበሉትን ያወድሳል። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ከማይቋረጡት ሦስት ነገሮች አንዱ ሰደቀቱን ጃሪያ መሆኑንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ ምኞትዎ ትክክል ነው። የሚቀረው መንገዱን ማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ልኩ ነው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ሳለ ሀብታቸውን ሁለት እጅ ሊናዘዙ ፈለጉ። ነቢዩ ከለከሏቸው። ግማሹንም ከለከሏቸው። ሲሶውን ፈቀዱላቸው፤ እሱም ብዙ መሆኑን ነገሯቸው። ምክንያቱንም ሲያስረዱ ወራሾችን ራሳቸውን ችለው መተው፣ የሰው እጅ የሚያዩ ድሆች አድርጎ ከመተው እንደሚሻል ገለጹ። ኢብን ዐባስም ሰዎች ከሲሶ ወደ ሩብ ዝቅ ቢሉ ይወዱ ነበር። እንግዲህ ሌላ የተራበ ለማብላት ብለን የራሳችንን ልጅ ማስራብ አልተፈቀደልንም።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። በቅድሚያ የጀናዛ ወጪ ይሸፈናል፣ ቀጥሎ ዕዳ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ኑዛዜው ይፈጸማል፤ የቀረውን ወራሾች በሸሪዓው ድርሻ ይካፈላሉ። ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 900 ሺህ ብር የሚያወጣ ንብረት ትቶ ቢሞት፣ ዕዳውና የቀብሩ ወጪ 180 ሺህ ብር ቢሆን፣ የሚቀረው 720 ሺህ ነው። ሲሶው 240 ሺህ፣ ሩቡ 180 ሺህ ይሆናል። ዕዳውን ያልጻፈ ሰው ግን ሲሶው ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅለትም። ስለዚህ የዱቤ መዝገባችን የኑዛዜያችን የመጀመሪያ ገጽ ነው።

ሦስተኛው መጻፉ ነው። የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው በሐዲስ ተነግሮናል። የአገራችን ሕግም በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በቃል የተደረገ ኑዛዜ ከቀብር ሥርዓትና ከልጆች ሞግዚት ጉዳይ ሌላ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከቆየም ፈራሽ ይሆናል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሙስሊም ሟችን ውርስና ኑዛዜ፣ ወቅፍንም ጭምር ሊያይ ይችላል። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ይህ የሚሆነው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ከልጆች አንዱ “አልስማማም” ብሎ መደበኛ ፍርድ ቤት ቢሄድስ? አባት በቃል የተናገረው የ180 ሺህ ብር ሰደቃ ከዚያ ላይ ይቀራል። ልጁም የአባቱን ቃል አጥፎ ከወንድሞቹ ጋር ይጣላል።

ስለዚህ ጤና ሳለን ኑዛዜው ይጻፍ፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ መነበቡም በጽሑፉ ውስጥ ይጠቀስ፤ ቀን ተጽፎበት ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። የገጠር መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ እንደ ቤትና እንደ ከብት አንናዘዘውም፤ የይዞታ መብቱ የራሱ ሕግ ስላለው ወረዳው ይጠየቅ።

ከኑዛዜ ሌላ ወቅፍም አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነቢዩ ምክር ወቅፍ አደረጉት። መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ፍሬው ግን ለድሃ፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ሆነ። በኢየሩሳሌም ሁሬም ሱልጣን እ.ኤ.አ በ1552 ወቅፍ ያደረጉለት የድሆች ማብሰያ ቤት መሥራቿ ካለፉ ከዘመናት በኋላ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ድሃ ሲያበላ ኖሯል። አባታችን፣ ከሱቅዎ ጀርባ የሚከራይ አንድ ክፍል ካለ በሕይወት ሳሉ ወቅፍ ሊያደርጉት፣ ኪራዩም በየዓመቱ እህል ሊገዛበት ይችላል።

ለማን ይሁን? ሕጋዊ ምዝገባ ያለው፣ ሒሳቡን የሚያስመረምር ድርጅት ይመረጥ። ኢስላሚክ ሪሊፍ እ.ኤ.አ በ1984 በእንግሊዝ በርሚንግሃም የተመሠረተው በአፍሪካ በደረሰው ረሃብ ምክንያት ነበር፤ በአገራችንም ይሠራል፤ በኑዛዜና በወቅፍ የሚሰጥ ሰደቃም ይቀበላል። ሌሎችም አሉ። በኑዛዜው ላይ የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ ገንዘቡ ለምግብ እንደሚውል፣ ድርጅቱ ቢዘጋ ለማን እንደሚተላለፍና ይህን የሚያስፈጽመው ታማኝ ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ልጆችም ተጠርተው ይስሙት፤ ያን ጊዜ ከልብ ያስፈጽሙታል።

በ2015 እና በ2016 ድርቅ በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ያሉ ወገኖቻችንን ሲጎዳ ሁላችንም ሰምተናል። ረሃብ እኛ ከሞትን በኋላም ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ በሰልፉ የሚቆመው የማናውቀው ሰው ይሆናል፤ ምናልባትም የልጅ ልጃችን። የዛሪማው አባታችን በደባርቅ የተቀበሉትን ስንዴ ማን እንደላከው አያውቁም። እሳቸውም ለማያውቁት ሰው ይተዉለት።

አላህ ሀብታችንን የሚጠቅመን፣ ኑዛዜያችንንም ፍትሐዊ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።